ማኅተም ያረፈበት ትሕትና

ልጅን ፊት ለፊት ማሞገስ እንደማልወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቁኝ አሁን ይወቁ። ልጅ ሲሞገስ ይሰንፋል። ሰው ሲሰማ ደግሞ ዓይን ይገባበታል። ዓይን ባይገባበት እንኳ መስታወት ፊት መቆም ያበዛል። ስለዚህ ሰብለ የምትባለውን አንዲት ልጄን አብልቼ፣ አልብሼና አስተምሬ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "ጎበዝ" ሳልላት አሳደግኋት። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ስትመጣ "ስንት ተማሪ ነበር የተፈተነው?" እላለሁ። "አርባ" ስትለኝ "አርባም ተማሪ ሆኖ!" ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ሰው ልጅህን ሲያመሰግንልህ ምን እንደሚባል ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያውቃል። "ኧረ ምን አላት፣ ገና ልጅ ናት" ይባላል። እንግዳው ወጡ ጣፈጠ ሲል ባለቤቲቱ "ዛሬስ አልሆነልኝም" እንደምትለው ማለት ነው። እንግዳው ይህን ሰምቶ "እንግዲያው አልበላም" ብሎ እጁን አይሰበስብም። ወጡ እንደጣፈጠ ሁለቱም ያውቃሉ። ይህ ከሰላምታ ይቆጠራል እንጂ ማንም ውሸት ነው ብሎ አይመዘግበውም።

የኔ ጣጣ የመጣው ይህንኑ ሰላምታ ናይሮቢ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለጠበቃ፣ በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ የሰጠሁ ዕለት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለራሴ ትንሽ ልናገር፤ ብዙ የሚነገር ስላለ አይደለም። (ይኸው፣ ለራሴም አልተውኩም።) ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ከተበላሹ ራዲዮኖችና ከጥገና መመሪያ መጻሕፍት ነው። እንግሊዝኛዬም ከዚያው የተለቀመ ስለሆነ ከሰው ጋር ስነጋገር ዕቃ የማስጠነቅቅ ይመስላል። ሚስቴ አንድ ጊዜ ለፈረንጅ እንግዳ "ይቀመጡ" ስል ሰምታ "ሰውየውን ሶኬት ልትሰካበት ነው እንዴ?" ብላኛለች። ሱቄ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኞቼ በብዛት የማታቱ ሰዎች ናቸው። ማታቱ የምንለው እዚህ ሀገር ሕዝብ የሚጭነውን ሚኒባስ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ተሳፋሪ የሚመርጠው በመድረሻው ሳይሆን በሙዚቃው ጩኸት ነበር። ስለዚህ ሹፌሮቹ አምፕሊፋየራቸውን እስኪጨስ ያስጮኹታል። ሲጨስ ወደኔ ያመጡታል። እኔም አስቀድሜ ስለ ልከኝነት እመክራቸዋለሁ፤ ቀጥሎ እጠግንላቸዋለሁ።

የሚቃጠለው ሁልጊዜ ትራንዚስተሩ ነው። ትራንዚስተር፣ ለማታውቁት፣ የአምፕሊፋየሩ ጉልበት ነው። ጥፍር የምታህል የሲሊከን ቁራጭ በብረት ቆብ ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ድምፁን የምታገዝፈው እሷ ናት። ብዙ ሲያሠሯት ትግላለች፤ ልክ ሲያልፍ ትቃጠላለች። ቆቡን በመጋዝ ከፍታችሁ ብታዩ ጠባሳው መሃሏ ላይ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ማታቱ ውስጥ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሰው ሲጠቀጠቅ የሚያልበው መሃል ያለው ነው። ዳር ያለው ቢያንስ መስኮት አለው።

እንግዲህ ልጄ ሰብለ በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መመረቂያ ሥራዋ ላይ መሃሉ የማይሠራ ትራንዚስተር ነደፈች። ሥራውን ሁሉ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ደረደረችና መሃሉን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አደረገችው። ከሚሠራው አካል ላይ ቀነሰች፤ የቀረው ግን ከቀድሞው ሙሉ የበለጠ ጉልበት ተሸከመ። አስተማሪዋ አይቶ "ይህ የፈጠራ መብት ይገባዋል" አላትና ፓተንት ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አመለከቱ። ለኔ የነገረችኝ "ዳዲ፣ አንድ ወረቀት አስገብቻለሁ" ብላ ነበር። ሥዕሉንም አሳየችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሥዕሉን ሳይ ጀርባዬን አንድ ነገር ነዘረኝ። እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ከዚያም "ይቺ መስመር ትንሽ ጠመም ብላለች" አልኳት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከረባት ያሰረ ወጣት ሱቄ ገባ።

"ሀባሪ፣ ምዜ!" አለኝ። ምዜ ማለት በነሱ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ላልሞላው ሰው ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

"አምፕሊፋየሩ የታለ?" አልኩት።

"አምፕሊፋየር የለኝም። ጠበቃ ነኝ። የመጣሁትም..." ብሎ ማን እንደላከውና ለምን እንደመጣ በዝርዝር ነገረኝ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አንዲት ስፒል አምልጣኝ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር። ስወጣ ንግግሩን ጨርሷል። ድገምልኝ ማለት አፈርኩና በጥሞና እንዳዳመጠ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰውየው ከቦርሳው የሰብለን ሥዕል አወጣ። "ይህን ያውቁታል?"

"የልጄ ሥራ ነው።"

"እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ልጅዎ በጣም ብልህ ናት።"

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? እናቴ ያስተማረችኝን ነው የመለስኩት። "ኧረ ምን አላት! ገና ተማሪ ናት።"

"ከባድ ሥራ አይደለም ይላሉ?"

"ምን ከባድ አለው? መሃሉ ይቃጠላል፤ መሃሉን መተው ነው። ማንም ፈንዲ ያውቀዋል።" ፈንዲ የሚሉት ጠጋኙን፣ አናጢውን፣ ቧንቧ ሠሪውን፣ በእጁ ሙያ የሚያድረውን ሁሉ ነው።

"ማንም ፈንዲ?" አለና ብዕር አወጣ።

"ከዚህ እስከ አውቶቡስ ተራው ያለ ማንም ፈንዲ!"

"ምዜ፣ እርስዎ ግን ትሑት ሰው ነዎት።"

ይህም ምስጋና ነውና ይህንንም ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። "ምን ትሕትና አለ፤ እውነቱን ነው የነገርኩህ" አልኩት።

ሰውየው ደስ አለው። ይህንኑ በጽሑፍ ባሰፍርለት በጣም እንደሚረዳው በትሕትና ለመነኝ። የለመነኝ ሰው ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። (ይህን እንኳ ሌሎች የሚሉት ነው።) ተቀመጥኩና በመመሪያ እንግሊዝኛዬ "ከላይ የተመለከተው ንድፍ ለማንኛውም የሙያው ሰው ግልጽ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ናይሮቢ ውስጥ ማኅተም የሌለበት ወረቀት የኦቾሎኒ መጠቅለያ ነው፤ ስለዚህ የሱቄን ማኅተም አሳረፍኩበት። ትንሽ ደበዘዘብኝ፤ ደገምኩት። ሰውየው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ወጣት ካየሁ ቆይቻለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ካለው የሀበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብለናል፤ እኔና ሚስቴ። ሰብለ ዘግይታ መጣች። ሳትቀመጥ ከፖስታ ውስጥ ወረቀት አውጥታ ከሽሮው አጠገብ አስቀመጠች።

"ዳዲ፣ ይህ ያንተ ማኅተም ነው?"

አየሁት። "የኔ ነው። ሁለተኛው በደንብ ወጥቷል።"

"አንብበው።"

አነበብኩት። "ጥሩ ተጽፏል" አልኩ።

"ጥሩ ተጽፏል? ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንቺ ንገሪው!"

"ምን አድርጎ ነው?" አለች ሚስቴ።

"ማመልከቻዬን የሚቃወም ድርጅት አለ። ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣ። ንድፉ ለማንም የሙያ ሰው ግልጽ ስለሆነ ፓተንት አይገባውም ነው የሚሉት። እስካሁን ማስረጃ አልነበራቸውም። አሁን አላቸው፤ ዳዲ ሰጣቸው።"

ሚስቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ከሰስካት?"

"ምን ክስ አመጣው? ሰውየው አመሰገናት፤ እኔ ትሑት ሆንኩ!"

"በጽሑፍ?"

"ለመነኝ!"

"ማኅተሙንስ?"

"ደብዝዞ ነበር" አልኩ፤ ይህ ግን መልስ እንዳልሆነ ለራሴም ታወቀኝ።

ሰብለ ተቀመጠች። ክርክሩን ከተሸነፈች ንድፉን ማንም እንዳሻው ወስዶ ሊሠራው እንደሚችል፣ ከሷ ጋር ሊሠሩ ያሰቡትም ሰዎች ያለ ፓተንት ወደፊት እንደማይሉ፣ የሦስት ዓመት ድካሟ ያለ ስሟ እንደሚቀር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እኔም ያ ከረባት ያሰረ ጠበቃ አታለለኝ ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

"አላታለለህም። ጠበቃ ነኝ ብሎሃል። እኔን የገረመኝ እሱ አይደለም። እውነት ግን እንደዚያ ነው የምታስበው? ማንም ፈንዲ ያውቀዋል?"

በአጠገባችን ካሉት ጠረጴዛዎች ሁለቱ ጸጥ ብለዋል። ሀበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ጸጥታ ማለት ጆሮ ማለት ነው። "አይደለም" ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን "ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው" አልኩ። ሰብለ ሳትበላ ሄደች።

በማግስቱ የሰብለ ጠበቃ ሱቄ መጣች። ዋንጂኩ ትባላለች፤ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር ነው። በዚህ ጊዜ ስፒል ቢወድቅም አልጎነበስኩም።

"ምዜ፣ ሕጉ አንድ የሚታሰብ ሰው አለው" አለችኝ። "ይህ ሰው ሙያውን ያውቃል። ስለ ሙያው የታተመውን ሁሉ አንብቧል። ነገር ግን በሕይወቱ አንዲት አዲስ ሐሳብ አፍልቆ አያውቅም። አንድ ሥራ ለዚህ ሰው ግልጽ ከሆነ ፓተንት አያገኝም።"

"ምስኪን" አልኩ። "ታዲያ እኔን ምን አገናኘኝ?"

"ተቃዋሚዎቹ ይህን ሰው በአካል አገኘነው እያሉ ነው።"

"የት?"

በብዕሯ ወደኔ ጠቆመች።

ደሜ ፈላ። "እኔ? ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው? ያለ መምህር የተማርኩ? አዲስ ሐሳብ የለውም ነው የሚሉት?"

"ሐሳብ አለኝ ካሉማ ለኛ አይጠቅሙንም" አለች። "ለሊቅ ግልጽ ቢሆን ሕጉን አይገደውም። እኔ የምፈልገው ልክ እርስዎን ነው፤ ጥሩና ተራ ሠራተኛ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዱ ወገን ተራ ነህ ብሎ ልጄን ሊጥልብኝ፣ ሌላው ወገን ተራ ነኝ በልና አድናት ይለኛል። ሊቅ ነኝ ብል የሚያምነኝም የሚፈልገኝም የለም።

ዋንጂኩ ዓይኗ መደርደሪያዬ ላይ ወዳለው የዱቄት ወተት ጣሳ ሄደ። "ምንድን ነው ይህ?"

ጣሳውን ገለበጥኩላት። በመጋዝ የከፈትኳቸው የተቃጠሉ ትራንዚስተሮች ናቸው። የማታቱ ሰዎችን ስመክር "ስግብግብነት ይህን ያደርጋል" እያልኩ የማሳያቸው ነው። ዋንጂኩ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ሁሉም መሃላቸው ነው የተቃጠለው።"

"ሁሉም።"

"ይህን ካወቁ ስንት ጊዜዎ ነው?"

"ሰብለ ሳትወለድ ጀምሮ።"

"ምን መፍትሔ አደረጉ ታዲያ?"

"ብዙ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ማቀዝቀዣ ብረቱን አገዘፍኩ። ማራገቢያ ገጠምኩ። ሁለት ማራገቢያ ገጠምኩ። ለአንዱ ሹፌርማ በመስኮት ንፋስ እንዲገባለት ቱቦ አበጀሁለት፤ ዝናብ ገብቶ አምፕሊፋየሩን ከነተሳፋሪው አራሰው። ድምፅ ቀንሱ የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ። በአንድ ወቅት ጸሎትም ሞክሬያለሁ።"

"መሃሉን መተውስ?"

አፌን ከፈትኩ። "ልደርስበት ነበር" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሥዕሉን ካየሁ ጀምሮ ነገሩን ድሮም የማውቀው እየመሰለኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ጣሳውን አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጠባሳ በእጄ ይዤ ስብከት ሰብኬበታለሁ።

"አልመጣልኝም" አልኳት።

"በቃ፣ ይህንኑ ችሎት ላይ ይናገራሉ። ሥራዋ አዲስ እንደሆነና ጥሩ እንደሆነም በግልጽ ይናገራሉ። 'ምን አላት' የምትለዋን ግን ቤት ትተዋት ይምጡ።"

ቀላል ይመስላል። ለሠላሳ ዓመት ያልተከፈተ በር በአንድ ግፊት እንደማይከፈት ግን ማንም ፈንዲ ያውቀዋል፤ ይህን እንኳ በማኅተም አረጋግጣለሁ። ሰው ማመስገን ልምምድ ያስፈልገዋል ብዬ በሚስቴ ጀመርኩ። እራት ላይ "ወጡ ጣፍጧል" አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና "ምን ሰበርክ?" አለችኝ። ምንም አልሰበርኩም ብላት አላመነችም፤ ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ስትቆጥር ሰማኋት። በነጋታው ለማታቱው ረዳት "በሩን አሳምረህ ትዘጋለህ" አልኩት። ሳይከፍል ሊወርድ ነው ብሎ መንገዱን ሁሉ ከላዬ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ሩንዳ ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሄድኩ። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ቤት የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ልጠግን ነው። ሳሎን ውስጥ የስምንት ዓመት ልጇ ፒያኖ ትለማመዳለች። ለልምምድ ትሆነኛለች ብዬ "ጎበዝ! ግሩም ነው የምትጫወቺው" አልኳት። በሰው ልጅ ሲሆን እንዴት ቀለለኝ! ልጅቷ ፊቷ በራ።

"ኧረ ተዋት፣ ዝም ብላ ነው የምትደበድበው" አለች እናቷ እየሳቀች። እንደ ጨዋ ሰው፣ ልክ እኔ እንደምለው፣ በዚያው ድምፅ።

ልጅቷ እጆቿን ከፒያኖው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ክዳኑንም ዘጋችው። እኔ ባትሪውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሽቦ ስሰካ ቀዩን ከጥቁሩ አምታትቼ ፊውዝ አቃጠልኩ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከሠራሁ ስንት ዘመኔ ነው። ሴትዮዋ "ምንም አይደለም ጋሼ፣ ያጋጥማል" አለችኝ። ልጅቷ የዘጋችውን የፒያኖ ክዳን ግን ምን ብዬ እንደማስከፍታት አላወቅሁም።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በመነጽሯ አናት ላይ የምታይ ሰብሳቢ፣ በአንድ ወገን ያ ባለ ከረባት፣ በሌላው ሰብለና ዋንጂኩ። ሰብለ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከሰላምታ የዘለለ ነገር አላወራችኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልሁ።

ዋንጂኩ ስለ ጣሳው ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ቱቦውና ስለ ዝናቡ ስናገር ሰብሳቢዋ አጎንብሳ ጻፈች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ባለ ከረባቱ ተነሣ። እንደ ያኔው ጨዋ ነው።

"ምዜ፣ ይህ ማኅተም የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ሁለት ጊዜ ነው የመቱት። አስበውበት ነበር ማለት ነው።"

"በኛ ሀገር ሰው ልጅህን ሲያሞግስ ዝቅ አድርገህ ትመልሳለህ" አልኩት። "ሥርዓት ነው። አንተ አሞገስካት፤ እኔ ዝቅ አደረግሁ። ጨምረህ ብታሞግሳት ኖሮ ማንበብም አትችልም ልልህ እችል ነበር።"

"ስለዚህ የጻፉት ውሸት ነው?"

ወጥመዱን ያኔ አየሁት። ግልጽ ነው ካልኩ ልጄ ወደቀች። ውሸት ነው ካልኩ እኔ ወደቅሁ። ሱቄ ውስጥ ከጠረጴዛዬ በላይ በትልቁ "እውነቱን ተናገር፣ ምን ነክተህ ነው የተበላሸው?" የሚል ለጥፌ ሰውን ሁሉ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

"ውሸት ነው" አልኩ። "ከነማኅተሙ።"

"እንግዲያው" አለ ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ፣ "ያኔ ለሥርዓት ሲሉ ከዋሹ ዛሬ ለልጃቸው ሲሉ እንደማይዋሹ በምን እናውቃለን? አባት ልጁን ቢያሞግስ ምን ይገርማል?"

ጥያቄው ጥሩ ነበር። ሰብሳቢዋ ወደ ሰብለ ዞረች።

"አባትሽ ከዚህ በፊት አሞግሶሽ ያውቃል?"

"አያውቅም" አለች ሰብለ።

"አንድ ጊዜም?"

"ዩኒቨርሲቲ መግባቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣ ስም የሚመሳሰል ሌላ ሰው እንዳይሆን ብሎ ፖስታ ቤት ሄዶ አጣርቷል።"

ክፍሉ ሳቀ። ባለ ከረባቱም ሳቀ፤ ወዲያው ግን መሳቁ እንደጎዳው ገብቶት አቆመ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ፖስታ ቤቱ በእውነት ሩቅ ነበር።

"እንግዲህ ምዜ፣ ስለ ሥራዋ የሚሉትን ይናገሩ" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

"ንድፉ..." አልኩ በእንግሊዝኛ። "ንድፉ..." መመሪያ መጻሕፍቶቼ ውስጥ ያለው ምስጋና አንድ ብቻ ነው፤ "ዕቃው በአግባቡ ይሠራል" የሚል። ላብ አጠመቀኝ።

"በቋንቋዎ ይበሉት" አለችኝ በርኅራኄ። "ልጅዎ ትተረጉምልናለች። እርስዎም እንግሊዝኛ ስለሚሰሙ ብትሳሳት ያርሟታል።" ባለ ከረባቱ ሊቃወም ብድግ ብሎ፣ ሰብሳቢዋን አይቶ ተቀመጠ።

እኔም ጠረጴዛውን እያየሁ በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦ "ይህን ነገር ልጄ ባታየው እኔ እስክሞት አላየውም ነበር። ሠላሳ ዓመት መሃሉ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ላቀዘቅዘው እንጂ ልተወው አላሰብኩም። ሥዕሉን ያሳየችኝ ቀን ጀርባዬን ነዝሮኛል። መስመሩም ጠማማ አልነበረም። ጎበዝ ናት። ከኔ ትበልጣለች። ይህን ለሷ ሳልናገር እዚህ ለማላውቃችሁ ሰዎች መናገሬ ያሳፍረኛል።"

ሰብለ ተነሣች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች።

"አባቴ... ሥራው መጥፎ አይደለም ይላሉ" አለች በእንግሊዝኛ።

"ያ ሁሉ አማርኛ?" አለች ሰብሳቢዋ።

"አሳነሰችው!" ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። "ግማሹን ዋጠችው! አንቺ ልጅ፣ ማልሁ እኮ! አስተካክለሽ ተናገሪ!"

"ዳዲ፣ እኔ ስለራሴ እንደዚያ አልልም!"

"ለምን?"

"ለምን ይባላል? ያሳደግከኝ አንተ አይደለህ?"

ይህን የተባባልነው በአማርኛ ነው፤ ማንም ግን አስተርጓሚ አልፈለገም። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሣችና "ምዜ፣ እንግዲያው እርስዎ ያርሙት። ቀስ ብለው፤ እጽፋለሁ" አለች። እኔም ሃያ ሦስት ዓመት ያላልኩትን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ አልኩት፤ ሁለተኛውን በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ የሰብሳቢዋ ብዕር እስኪደርስብኝ እየጠበቅሁ። "ከኔ ትበልጣለች" የሚለው ላይ ስደርስ ሰብሳቢዋ "ይድገሙት፣ አልሰማሁም" አለችኝ። ሰምታ ነበር። ምላ ብትክድም አላምናትም። ደገምኩት።

ውሳኔው የመጣ ቀን ሰብለ ሱቄ ድረስ ይዛው መጣች። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ንድፉ ለሙያው ሰው ግልጽ አልነበረም፤ ፓተንቱ ይሰጣት ይላል። ማስረጃ ከተባሉት ውስጥ እኔ አለሁ። ችግሩን ሠላሳ ዓመት አይቶ መፍትሔው ያልታየው፣ በሙያው የተካነ፣ ተራ ሠራተኛ ተብዬ ለልጅ ልጅ በሚቀመጥ መዝገብ ላይ ሰፍሬአለሁ። ሰብለ ከጀርባዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ አብራኝ ታነባለች፤ እኔም ምንም እንዳያመልጠኝ ጣቴን እያስከተልኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ።

"ምስክሩ በመጠኑ እያመነታ ልጁን አመስግኗል" ይላል።

"ይህ ልክ አይደለም" አልኩ።

"ዳዲ፣ ፕሊስ፣ አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?"

እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። "በመጠኑ" የምትለዋን ሰረዝኩና ከላይዋ "እጅግ" ብዬ ጻፍኩ።